ቶማስ ትሬድጎልድ

ቶማስ ትሬድጎልድ (እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1788 – ጃንዋሪ 28 ቀን 1829) እንግሊዛዊ አናጺ፣ መሐንዲስና የምህንድስና ጸሐፊ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፣ ከቤት ዕቃ አናጺ ተለማማጅነት ተነስቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ ከታተሙት የግንባታ መጻሕፍት መካከል በብዛት የተነበቡትን አዘጋጅቷል። በተለይ የሚታወቀው ስለ አግዳሚ ተሸካሚዎች፣ ማለትም ስለ ቢሞች፣ በጻፈው ነው። አንድ ቢም ሳይሰበር ስንት ክብደት ይሸከማል ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ ሳይሰበርም ቢሆን ምን ያህል ቢጎብጥ ይፈቀድለታል የሚለውን ጥያቄ ለይቶ በቁጥር መለሰ።

ለቤት ወለል ቢሞች የሰጠው ወሰን ለእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት የኢንች 1/40 ጉብጠት ነው። ይህም በሁለቱ ድጋፎች መካከል ካለው ርዝመት 1/480 ይሆናል። ዛሬ በወለል፣ በጣሪያ፣ በክሬንና ዕቃ ለማንሳት በሚያገለግሉ የአረብ ብረት ቢሞች ላይ የሚሠራባቸው የጉብጠት ወሰኖች በአብዛኛው የሚጻፉት በዚሁ መልክ፣ የርዝመት ክፍልፋይ ሆነው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና የተለማማጅነት ዘመን

ትሬድጎልድ የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም ከተማ አጠገብ በምትገኘው በብራንደን መንደር ነው። በ14 ዓመቱ ደርሃም ውስጥ ለሚሠራ የቤት ዕቃ አናጺ ተለማማጅ ሆኖ ተሰጠ። በዚያ ዘመን ተለማማጅነት በውል የታሰረ ነበር። ልጁ ለተወሰኑ ዓመታት ከጌታው ዘንድ እየሠራ ሙያውን ይማራል፤ ውሉ ሳያልቅ ጥሎ መሄድ አይችልም። ትሬድጎልድ በዚህ ሁኔታ 6 ዓመት ቆየ።

ከሥራ የሚተርፈውን ጊዜ ሒሳብና የሕንፃ ጥበብ ለማጥናት ተጠቀመበት። የፈረስ ግልቢያ ውድድር በሚካሄድባቸው ቀኖች ሠራተኞች ዕረፍት ያገኙ ነበር። እሱ ግን እነዚያን ቀኖች፣ ቅርብና ሩቅ ያሉ ነገሮች በወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠናቸው እንዲታዩ አድርጎ የመሳል ዘዴን ለመማር አዋላቸው።

በስኮትላንድ

የተለማማጅነት ውሉ በ1808 ሲያልቅ ወደ ስኮትላንድ ሄደ። በዚያም 5 ዓመት ያህል በቀን ሠራተኛ አናጺነትና በበርና መስኮት ሥራ ተዳደረ። ቀን በመጋዝና በመሮ እየሠራ ሌሊት ያነብ ነበር። ለሰውነቱ የሚበቃ እንቅልፍ ስላልተኛ ጤንነቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች የዕድሜውን ማጠር ከዚህ ጊዜ ጋር ያያይዙታል።

እነዚህ ዓመታት ለኋላ ሥራው መሠረት ሆነዋል። ከሱ በፊት ስለ ቢም የጻፉት አብዛኞቹ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ሊቃውንት ነበሩ። እሱ ግን ወለል ሲረግጡት ሲናጥ፣ ኮርኒስ ሲሰነጠቅ፣ ረጅም ወራጅ መሐሉ ላይ ሲጎብጥ በእጁ ሥራ ያየ ሰው ነበር።

ለንደንና የአትኪንሰን ቢሮ

በ1813 አካባቢ ወደ ለንደን ሄዶ በዘመዱ በዊሊያም አትኪንሰን ቢሮ ሥራ ጀመረ። አትኪንሰን ራሱ የደርሃም አካባቢ ተወላጅ ሲሆን ሥራ የጀመረውም በአናጺነት ነው። በኋላ ግን ለእንግሊዝ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤት ሕንፃዎች ኃላፊ አርክቴክት ለመሆን በቅቷል። ደራሲው ዋልተር ስኮት በስኮትላንድ ያሠራውን የአቦትስፎርድ መኖሪያ ከነደፉት ባለሙያዎችም አንዱ ነው።

ትሬድጎልድ ከአትኪንሰን ጋር 6 ዓመት አብሮ ኖረ፤ በቢሮው ያገለገለው ግን ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ነው። በለንደን ቆይታው ሒሳብን፣ ኬሚስትሪንና የአፈርና የድንጋይ ጥናትን ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ስለ ቁሳቁስ ጥንካሬ ከወጡት ጠቃሚ ሥራዎች ብዙዎቹ በፈረንሳይኛ የተጻፉ ስለነበሩ፣ የሳይንስ መጻሕፍትን ለማንበብ ሲል ፈረንሳይኛን በራሱ ጥረት ተማረ።

ከሱ በፊት የነበረው ዕውቀት

ስለ ቢም ጥንካሬ የመጀመሪያውን የታወቀ ትንታኔ ያቀረበው ጋሊሊዮ ጋሊሌ በ1638 ነው። የጋሊሊዮ ጥያቄ ግንብ ውስጥ የተተከለ ግንድ በጫፉ ላይ ስንት ክብደት ቢንጠለጠልበት ይሰበራል የሚል ነበር። ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ጥናት ደግሞ የመለጠጥ ባሕርይ ያለው ነገር የሚለጠጠው በተጫነበት ኃይል ልክ መሆኑን አሳየ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሌኦንሃርድ ኦይለርና የበርኑሊ ቤተሰብ ሊቃውንት የጎበጠ ቢም የሚይዘውን ቅርጽ በሒሳብ አስቀመጡ። ቶማስ ያንግ በ1807 ባሳተማቸው ትምህርቶቹ የቁሳቁስን ግትርነት የሚገልጽ መለኪያ አቀረበ።

ይህ ዕውቀት ግን ወደ ሥራ ቦታ አልወረደም ነበር። የእንግሊዝ ገንቢዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ሆላንዳዊው ሙሸንብሩክና ፈረንሳዊው ቢውፎን እንጨት እየሰበሩ ባገኟቸው ቁጥሮች ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ስለ መሰበር እንጂ ስለ መጉበጥ ብዙ አይናገሩም። ፒተር ባርሎ በ1817 ስለ እንጨት ጥንካሬ ያሳተመው መጽሐፍ ሲቀር፣ በእንግሊዝ ጉዳዩን በሙከራና በስሌት አያይዞ ያቀረበ ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የአናጺነት መጽሐፉና የጉብጠት ወሰኑ

ትሬድጎልድ በ1820 «የአናጺነት መሠረታዊ መርሖች» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ስለ ወለል፣ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ድልድይና ስለ ሌሎች የእንጨት ግንባታዎች ይዘረዝራል። በመጨረሻም ስለ እንጨት ባሕርይ የሚያትት ጽሑፍ ተያይዞበታል።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለያይተው ቀርበዋል። አንደኛው ጥንካሬ፣ ማለትም ያለመሰበር ነው። ሁለተኛው ግትርነት፣ ማለትም ያለመጉበጥ ነው። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በሰፊ ጎኑ ተጋድሞ ከሚቀመጥ ይልቅ በጠባብ ጎኑ ቢቆም ጥንካሬው 4 እጥፍ ይሆናል፤ ግትርነቱ ግን 16 እጥፍ ይጨምራል። ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግም እንዲሁ ነው። ጭነቱ ሳይለወጥ የድጋፎቹ ርቀት 2 እጥፍ ቢሆን በእንጨቱ ውስጥ የሚፈጠረው ጭንቀት 2 እጥፍ ይሆናል፤ ጉብጠቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አጭር ቢም ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በጥንካሬው፣ ረጅም ቢም ደግሞ በጉብጠቱ ነው።

የለንደን ቤቶች ኮርኒስ በዚያ ዘመን ከወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ሥር ቀጫጭን ርብራብ ተመትቶበት በኖራ የሚለሰን ነበር። እንጨቱ ለመሰበር ገና ብዙ ሲቀረው ከመጠን በላይ ከጎበጠ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም በሰው ላይ ይወድቃል። ትሬድጎልድ ለጫማ የኢንች 1/40 የሚለውን ወሰን የወሰደው ይህን ያህል ጉብጠት ኮርኒስን እንደማይጎዳ በሥራ ላይ በመታየቱ ነው። በዚህ መሠረት 20 ጫማ ርዝመት ያለው ቢም ከግማሽ ኢንች በላይ መጉበጥ የለበትም።

ወሰኑ ከታወቀ በኋላ የቢሙን መጠን ማግኘት የስሌት ሥራ ብቻ ይሆናል። አናጺው ርዝመቱን በራሱ ያባዛል፤ ውጤቱን በክብደቱ፣ ቀጥሎም ለእንጨቱ ዓይነት በሠንጠረዥ በተሰጠው ቁጥር ያባዛል። የደረሰበትን ለቢሙ ወርድ ሲያካፍለው የቢሙን ቁመት ኪዩብ ያገኛል። ኦይለር በከፍተኛ ሒሳብ የገለጸው ነገር በዚህ መንገድ ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሠራተኛ ሁሉ ተደራሽ ሆነ። ሌላ ወሰን የፈለገ ሰውም የሠንጠረዡን ቁጥር በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ በዚሁ ስሌት መጠቀም ይችላል።

በ1/480 ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አብረው ይገኛሉ። ቢሙ በተሰጠው ጭነት ምን ያህል እንደሚጎብጥ የሚወስነው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ምን ያህል ቢጎብጥ ይበቃል የሚለው ግን የሰው ውሳኔ ነው፤ የሚመሠረተውም ከቢሙ ሥር ወይም ላይ ባለው ነገር ላይ ነው።

የካስት አይረን ጥናት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ የጥጥና የተልባ ፋብሪካዎች እሳትን ለመቋቋም ሲሉ ከእንጨት ወደ ብረት መሸጋገር ጀመሩ። በሽሩዝበሪ ከተማ በ1797 የተጠናቀቀው የተልባ ፋብሪካ ሙሉ አጽሙ ከብረት የተሠራ የመጀመሪያው ሕንፃ እንደሆነ ይቆጠራል። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስሰው፣ ካስት አይረን የሚባለው ዓይነት ነበር። ይህ ብረት እንደ እንጨት ቀድሞ በመጉበጥ ወይም በመጮህ አያስጠነቅቅም፤ በድንገት ይሰበራል።

ትሬድጎልድ በ1822 ስለ ካስት አይረን ጥንካሬ ተግባራዊ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ በአብዛኛው በቶማስ ያንግ ሐሳቦች ላይ የተመሠረተ ሲሆን እሱ ራሱ በብረት ዘንጎች ላይ ክብደት እየጫነ ያደረጋቸውን ሙከራዎች ያካትታል። ክብደቱ ሲነሳ ዘንጉ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል ወይስ ትንሽ ጎብጦ ይቀራል የሚለውን በጥንቃቄ ይከታተል ነበር። ቢም በሥራ ላይ ሳለ ጎብጦ እስከሚቀርበት ደረጃ ድረስ ፈጽሞ መጫን እንደሌለበት አጥብቆ አስተማረ። ለካስት አይረን ይህን ደረጃ በካሬ ኢንች 15,300 ፓውንድ አድርጎ ወሰደው፤ ይህም በካሬ ሚሊ ሜትር 105 ኒውተን ገደማ ነው። በዚህ ኃይል ብረቱ ከርዝመቱ 1/1204 እንደሚለጠጥም አስቀመጠ።

ከሁለቱ ቁጥሮች የሚወጣው የካስት አይረን ግትርነት በካሬ ኢንች 18.4 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ይህ ዛሬም ለካስት አይረን ከሚሰጠው መጠን ብዙ አይርቅም። ትሬድጎልድ ስለ ጉብጠት የሰጠው ስሌት በሚገባ የሠራው ለዚህ ነው፤ ስለ መሰበር የሰጠው ግን ችግር ነበረበት።

ስህተቱና የሆጅኪንሰን እርማት

ቢም ሲጎብጥ የላይኛው ክፍሉ ይጨመቃል፣ የታችኛው ክፍሉ ይወጠራል። ትሬድጎልድ ካስት አይረን ለመጨመቅም ለመወጠርም እኩል ብርታት እንዳለው አድርጎ አሰበ። ስለዚህ ለብረት ቢም የመረጠው ቅርጽ ላይና ታቹ እኩል የሆነ፣ መሐሉ የሳሳ ነበር። የመለጠጥ ንድፈ ሐሳብን በበቂ ሒሳብ አለማጥናቱ በዚህ ላይ ጎዳው።

ከሱ በአንድ ዓመት የሚያንሰው ኢተን ሆጅኪንሰን በማንቸስተር፣ በዊሊያም ፌርቤርን ፋብሪካ ባደረጋቸው ሙከራዎች ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን አሳየ። ካስት አይረን መጨመቅን የሚችለው ከመወጠር 6 እጥፍ ያህል በበለጠ ነው። ላይና ታቹ እኩል የሆነ ቢም የላይኛው ክፍሉ ገና ብዙ መሸከም ሲችል ከታች ተወጥሮ ይሰበራል ማለት ነው። ሆጅኪንሰን ያቀረበው ቅርጽ የታችኛው ከንፈር ከላይኛው በስፋት 6 እጥፍ ያህል የሚበልጥበት ነው። በተመሳሳይ የብረት መጠን የተሻለ የሚሸከም ስለሆነም በፋብሪካዎች ዘንድ ተቀባይነት አገኘ።

ጉዳዩ የሰው ሕይወት ነበር። የፋብሪካ ወለል በሠራተኞችና በከባድ ማሽኖች የተሞላ ነው፤ ከላይ አንድ ቢም ሲሰበር በታች ያሉትን ወለሎች ሁሉ ይዞ ሊወርድ ይችላል። የተሻሻለው ቅርጽም ቢሆን የካስት አይረንን ድክመት ሙሉ በሙሉ አላስወገደም። በሜይ 1847 በቼስተር ከተማ በዲ ወንዝ ላይ የነበረው የሮበርት ስቲቨንሰን የባቡር ድልድይ አንዱ የካስት አይረን ቢም ተሰብሮ 5 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለትላልቅ ድልድዮች የሚመረጠው ተቀጥቅጦ የሚሠራው ብረት፣ በመጨረሻም አረብ ብረት ሆነ።

ሆጅኪንሰን የትሬድጎልድን መጽሐፍ አልጣለውም። በ1842 የወጣውን 4ኛ እትም የራሱን ማስታወሻዎች ጨምሮ አዘጋጀው፤ በ1846 ደግሞ የራሱን ሙከራዎች እንደ ሁለተኛ ክፍል አድርጎ አሳተመ። ስለዚህ የኋለኞቹ አንባቢዎች ስህተቱንና እርማቱን በአንድነት አገኙ።

ሌሎች ሥራዎቹ

ትሬድጎልድ በ1823 ከአትኪንሰን ቢሮ ወጥቶ የራሱን የምህንድስና ሥራ ጀመረ። በቀሩት ጥቂት ዓመታት በብዙ ርእሶች ላይ ጽፏል።

በ1824 የሕዝብ ሕንፃዎችን ስለ ማሞቅና አየር ስለ ማናፈስ ያሳተመው መጽሐፍ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ጊዜ ታተመ። በመጽሐፉ ለአንድ ሰው በደቂቃ 4 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም በሰከንድ 2 ሊትር ገደማ፣ ንጹሕ አየር እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ይህ ለሕንፃ አየር ማናፈሻ በስሌት ከተሰጡ የመጀመሪያ ዝቅተኛ ወሰኖች አንዱ ነው፤ በኋላ ግን እጅግ አነስተኛ ሆኖ በመገኘቱ ከፍ እንዲል ተደርጓል።

በ1825 ስለ ባቡር ሐዲድና ሠረገላ ጻፈ። የስቶክተንና ዳርሊንግተን የባቡር መስመር በትውልድ አገሩ በደርሃም የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። ቀጥሎም በእንፋሎት መርከቦች ላይ የሚደርሱ አደጋዎችን ስለ መከላከል ለንግድ ቦርዱ ፕሬዚዳንት ለዊሊያም ሃስኪሰን የተጻፈ አጭር መጽሐፍ አወጣ። ስለ እንፋሎት ሞተር የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ በ1827 የወጣ ሲሆን ወደ ፈረንሳይኛም ተተርጉሟል። ለብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያም ስለ አናጺነትና ስለ ድንጋይ ሥራ ጽሑፎች አበርክቷል።

የሲቪል ምህንድስና ትርጓሜ

በለንደን በ1818 የተመሠረተው የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም በ1828 ንጉሣዊ ቻርተር ሲሰጠው ሲቪል ምህንድስና ምን እንደሆነ በጽሑፍ መገለጽ ነበረበት። የተቋሙ ፕሬዚዳንት በወቅቱ የታወቀው የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድ ነበር። ትርጓሜውን እንዲጽፍ የተመረጠው ግን ትሬድጎልድ ነው። በሱ አገላለጽ ሲቪል ምህንድስና በተፈጥሮ ውስጥ ያሉትን ታላላቅ የኃይል ምንጮች ለሰው ልጅ ጥቅምና ምቾት የመምራት ጥበብ ነው። ይህ ትርጓሜ ዛሬም በምህንድስና ትምህርት ቤቶች ይነገራል።

ሞትና ቤተሰብ

ትሬድጎልድ ጃንዋሪ 28 ቀን 1829 በ40 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። ለሞት ያበቃው ለብዙ ዓመታት ራሱን በጥናትና በሥራ ማድከሙ እንደሆነ ይነገራል። በሴንት ጆንስ ዉድ የመቃብር ስፍራ ተቀበረ። መጻሕፍቱ ብዙ አንባቢ ቢኖራቸውም ቤተሰቡን ሀብታም አላደረጉም፤ ሚስቱን፣ ሦስት ሴቶች ልጆቹንና አንድ ወንድ ልጁን በችግር ላይ ትቷቸው ሄደ። በአባቱ ስም ቶማስ የሚባለው ልጁ በኋላ መሐንዲስ ሆኖ በህንድ አገር በካልካታ ሠርቷል፤ በዚያም በ1853 ሞተ።

የአናጺነት መጽሐፉ በተለያዩ አዘጋጆች እየታረመ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ሲታተም ቆይቷል።

የጉብጠት ወሰን ከትሬድጎልድ በኋላ

የኋለኞቹ የግንባታ መጻሕፍት ለጫማ የኢንች 1/40 የሚለውን ወሰን ወደ ኢንች 1/30 አላሉት። ይህም የርዝመት 1/360 ነው። በልስን ወይም በሌላ ተሰባሪ ነገር ለተሸፈኑ ወለሎች 1/360 በብዙ አገሮች ደንብ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። አገልግሎቱ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። የአሜሪካ የክሬን አምራቾች ማኅበር ለድልድይ ክሬን ዋና ቢም 1/888 ይጠይቃል፤ የቀድሞው የእንግሊዝ ደንብ ክሬን ለሚሄድባቸው ቢሞች 1/600 ሰጥቶ ነበር። 6 ሜትር ርዝመት ላለው ቢም እነዚህ ወሰኖች ሲሰሉ 1/360 ወደ 16.7 ሚሊ ሜትር፣ 1/480 ወደ 12.5፣ 1/600 ወደ 10፣ 1/888 ደግሞ ወደ 6.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ።

ከክሬን መንጠቆ በታች ተንጠልጥሎ ዕቃ የሚያነሳ የአረብ ብረት ቢም ግን የተለየ ነገር አለው። እንደ ወለል ቢም ጫፎቹ ላይ አይደገፍም፤ መሐሉ ላይ ይንጠለጠልና ጭነቱን በሁለት ጫፎቹ ይይዛል። ስሌቱ ተገልብጦ እንደታየ የወለል ቢም ነው፤ ከመሐል ይልቅ ጫፎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከሥሩ የሚሰነጠቅ ኮርኒስ የለም። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ከመንጠቆ በታች ለሚውሉ የማንሻ መሣሪያዎች ያወጣው የዲዛይን ደረጃ ስለ ጥንካሬና ስለ መገልበጥ ዝርዝር መመሪያ ይሰጣል፤ የጉብጠት ወሰን ያስፈልግ እንደሆነና ስንት መሆን እንዳለበት የመወሰኑን ኃላፊነት ግን ብቃት ላለው ባለሙያ ይተወዋል።

ባለሙያው ወሰኑን የሚያወጣው የሚነሳውን ነገር አይቶ ነው። ረጅምና ቀጭን የኮንክሪት አካል ከሆነ ቢሙ ሲጎብጥ አብሮ ጎብጦ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጭነቱ ግትር ሆኖ ከሁለት በላይ በሆኑ መንጠቆዎች ከተያዘ ደግሞ የቢሙ ጫፎች ሲወርዱ በጫፎቹ ያሉት መንጠቆዎች ይላላሉ፤ ክብደቱም ወደ መሐለኛው ይዛወራል። የጫፍ መያዣዎቹ ሲያዘነብሉ ገመዱ ወይም ሰንሰለቱ ባልታሰበ አቅጣጫ ይስባል። በቂ ከፍታ በሌለበት ቦታም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊያሳስብ ይችላል። ከነዚህ አንዱም በማይኖርበት ጊዜ ጥብቅ ወሰን ማስቀመጥ ቢሙን ያለ ጥቅም ያከብደዋል፤ የቢሙ ክብደት ደግሞ ክሬኑ ሊያነሳ ከሚችለው ላይ ይቀነሳል።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የመጀመሪያው የአረብ ብረት ደረጃ ነው። የበለጠ ጠንካራ አረብ ብረት የበለጠ ክብደት ይችላል እንጂ ጉብጠቱ አይቀንስም፤ የሁሉም ዓይነት ግትርነት በካሬ ሚሊ ሜትር ከ200 እስከ 210 ሺህ ኒውተን ገደማ ነውና። እንዲያውም ጠንካራ ብረት ተመርጦ ቢሙ ሲቀጥን ጉብጠቱ ይጨምራል። ሁለተኛው፣ የጉብጠት ወሰንን ያሟላ ቢም የግድ አስተማማኝ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ቀጭን ቢም ወደ ታች ብዙ ሳይጎብጥ ወደ ጎን ተጣሞ ሊከዳ ይችላል፤ የመያዣው ብየዳም ሊለቅ ይችላል። የጥንካሬ ስሌት ሁልጊዜ ለብቻው መሠራት አለበት።

ትሬድጎልድ በብረት ዘንጎቹ ላይ ያደርግ የነበረው ምርመራም ቀጥሏል። የማንሻ ቢም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከተመደበለት ክብደት በላይ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 125 በመቶ፣ ተጭኖ ይፈተናል። ጭነቱ ሲወርድ ቢሙ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ካልተመለሰ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ስለሆነ ለሥራ አይፈቀድም።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ በ1995 ያወጣችው የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 3ኛ መጽሐፉን ለአረብ ብረት ግንባታ አውሏል። ኮዱ ቢም መሸከም መቻሉንና በአገልግሎት ላይ ሳለ ከሚገባው በላይ አለመጉበጡን እንደ ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ይመለከት ነበር፤ ጉብጠቱንም በርዝመት ክፍልፋይ ይወስን ነበር።

ወሰኑ በምን ላይ እንደሚመሠረት ለመረዳት የአገር ቤት ግንባታም ጥሩ ማሳያ ነው። በሰሜን ወሎ፣ በወልዲያም ሆነ በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ፣ እንደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር ያላቸው የጭቃ ቤቶች አሉ። በነዚህ ቤቶች ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ወይም የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ተወጥሮ የሚሠራ ነው። ጨርቅ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይወርዳል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ስለዚህ ለለንደን የኖራ ልስን የተመረጠው 1/480 ለዚህ ዓይነቱ ቤት አስፈላጊ አይደለም። እዚያው ቤት ውስጥ ኮርኒሱ በልስን ወይም በጂፕሰም ቢተካ ግን ቀድሞ ያልታየው ጉብጠት ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል።

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አቅራቢያ እስከምትገኘው ሐራ ገበያ ድረስ እንዲደርስ የታቀደውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር የመሰሉ ግንባታዎች ደግሞ ጥያቄውን ወደ ትላልቅ ብረቶች ያመጡታል። የድልድይ ቢም፣ የሐዲድ ብረት ወይም የኮንክሪት አካል በክሬን ሲነሳ ለማንሻው ቢም የሚሰጠው የጉብጠት ወሰን ከሌላ ሥራ ተገልብጦ የሚወሰድ ሳይሆን፣ በዚያ ቀን የሚነሳው ነገር ስንት መጉበጥ እንደሚችል ታይቶ የሚወጣ ነው።